ኩላሊት ላይ የሚቆመው መጽሐፍ

ከብዙ ዓመት በፊት፣ አንድ ክሊኒክ ውስጥ ወረፋ ስጠብቅ፣ አጠገቤ የተቀመጡ ባልና ሚስት ሲነጋገሩ ሰምቼ ነበር። የሰውየው ዓይኖች ሁለቱም በፋሻ ታስረዋል። ሚስቱ ከጋዜጣ ላይ አንድ ታሪክ ታነብለታለች። ታሪኩ ጠፍቶብኛል፤ ጀልባ ያለበት ይመስለኛል። መሃል ላይ ነርሷ ጠራቻቸውና ሴትዮዋ ጋዜጣውን አጣጥፋ ተነሣች። ሰውየው «ወይ አትጀምሪልኝ፣ ወይ ጨርሺልኝ» አላት፤ ወይም እንደዚያ ያለ ነገር። እሷ የመለሰችለትን በደንብ አላስታውስም። «ስንወጣ እንጨርሰዋለን» ያለችው ይመስለኛል፤ ይህንን ግን እኔ ራሴ ጨምሬበት ይሆናል። የሰውየው ብስጭት ግን እስከ ዛሬ ጆሮዬ ላይ አለ።

ሰሞኑን ይህን ነገር ያስታወሰችኝ አንዲት ስልከኛ ናት።

የምሠራው ለዓይነ ስውራን መጻሕፍትን በድምፅ የሚያዘጋጅ ቤተ መጻሕፍት ውስጥ ነው። ሥራዬ ማዳመጥ ነው። አንባቢዎቹ የቀዱትን ቁጭ ብዬ እሰማለሁ፤ የተዘለለ መስመር፣ ያመለጠ ሳል፣ የወንበር ሲጥሲጥታ ካለ ምልክት አደርጋለሁ። በኋላ መጻሕፍቱ ኢንተርኔት ላይ ሲወጡ፣ ድረ ገጹን የሚጠብቅ ሰው ጠፋና «አንቺ ታጋሽ ነሽ» ተብሎ እኔው ላይ ተጣለ። ያስተማረኝ የለም። እያነበብኩ፣ እያበላሸሁ፣ ፈጣሪዬን እየለመንኩ ነው የለመድኩት።

ስልከኛዋ ሩቅ ከተማ፣ አንድ ሆስፒታል ውስጥ ስልክ የምታገናኝ ዓይነ ስውር ናት። አሁን ሆስፒታሉ ስልኩን በራሱ የሚያገናኝ መሣሪያ ሊያስገባ ነው። አለቆቿ፣ የታማሚ ጡንቻና መገጣጠሚያ በሚታሽበት ክፍል ለመሥራት የሚሰጠውን ፈተና ካለፈች እዚያ እንደሚያዛውሯት ነግረዋታል። ካላለፈች ምን እንደሚሆን አልነገሯትም፤ እሷም አልጠየቀችም። ፈተናው የሚወጣው ከአንድ መጽሐፍ ነው። ከራስ ፀጉር ተነሥቶ እስከ እግር ጥፍር የሰውን አካል የሚያስረዳ ትልቅ መጽሐፍ ሲሆን፣ ያነበበው የእኛው ጋሼ ነጎድጓድ ነው። ፈተናው ደግሞ የፊታችን ሰኞ ነው።

«እትዬ፣ ደግሞ ቆመ» አለችኝ ደውላ።

«የት ላይ?»

«እዚያው ነዋ! ኩላሊት ላይ። ከኩላሊት በታች ያለውን ሰው እስካሁን አላገኘሁትም። እግር የሌለው ሰው ነው እኮ የማጠናው! እዚያ ክፍል የሚመጣው ሰው ሁሉ ደግሞ የሚታሸው እግሩን ነው።»

ሳቄ መጣ፤ ዋጥኩት። «እስኪ አንዴ ደግመሽ ሞክሪው።»

«መድገም ማለት ከፀጉር መጀመር ነው እትዬ። ካቆመበት አይቀጥልም። ጠዋት አስጀምሬው ወደ ሥራ እሄዳለሁ፤ ማታ ስመለስ ኩላሊት ላይ ተገትሮ ይጠብቀኛል። ስለ ራስ ቅል ይጠይቁኝ፤ ተኝቼም እመልስልዎታለሁ።»

ፍላሽ ላይ ገልብጬ እንዳልክላት፣ ዝናቡ ድልድዩን ይዞት ሄዶ መንገዱ ተዘግቷል። ስለዚህ ከቢሮዬ ኮምፒውተር መጽሐፉን አወረድኩት። ሳይንገራገጭ እስከ እግር ጥፍር ድረስ ወረደ። ደግሜ አወረድኩት። አሁንም ወረደ። ከዚህ የባሰ የሚያበግን ነገር የለም። የተበላሸ ነገር ፊትህ ቆሞ «እኔ ምን ሆንኩ?» እንደሚልህ ነው።

ሰርቨሩን፣ መጻሕፍቱ የሚቀመጡበትን ኮምፒውተር፣ ወደሚያከራየን ድርጅት ደወልኩ። ከመደወሌ በፊት ዓይኔን ጨፍኜ «ትዕግሥቱን ስጠኝ» አልኩ። ያነሣው ወጣት ቴክኒሻን ነው።

«እናቴ፣ ብሮውዘሩን ዘግተው ከፍተውታል?»

«ከፍቼዋለሁ።»

«ካሹንስ፣ ብሮውዘሩ ያጠራቀመውን፣ አጽድተዋል?»

«አጽድቻለሁ። የኔ ልጅ፣ የሚቋረጠው እኔ ጋ አይደለም። ደንበኛችን ስልክ ላይ ነው።»

«እንግዲያው ስልኳን አጥፍታ ታብራው።»

«አጥፍታ አብርታለች። ሌላ ስልክም ሞክራለች። የጎረቤቷንም ተውሳለች።»

«ቆይ እኔ ላውርደው... ይኸው፣ አለቀ። ይሠራል እኮ እናቴ!»

እውነት እናቱ ብሆን ኖሮ የምለውን አውቅ ነበር። አመስግኜው ዘጋሁ።

ከዚያ በፊት «መጽሐፉ አልወርድ አለን» ብለው ደውለው የነበሩ ሌሎች ሰዎች ነበሩ። ያኔ «የኢንተርኔት ነገር ነው» ብዬ ነበር የሸኘኋቸው። አሁን አንድ በአንድ ደወልኩላቸውና የሰሙትን የመጨረሻ ዓረፍተ ነገር ጠየቅኳቸው። አንዱ የታሪክ መጽሐፍ ላይ ንጉሡ ሊያገባ ሲል ነው የቀረበት። አንዲት ጡረተኛ ደግሞ ልብ ወለድ ላይ፣ ገዳዩ ማን እንደሆነ ሊነገር ሲል። «አሁንም ሁሉንም እንደጠረጠርኩ ነኝ» አለችኝ። የነገሩኝን ዓረፍተ ነገሮች ከዋናው ቅጂ ላይ ፈልጌ ሰማሁ። መጻሕፍቱ ሌላ፣ ሰዎቹ ሌላ፣ ከተማው ሌላ። የሚቆሙበት ቦታ ግን ተቀራራቢ ነው፤ ሁሉም አንድ ጊጋ ባይት አካባቢ። የኢንተርኔት መቆራረጥ ቢሆን አንዱን እዚህ፣ ሌላውን እዚያ ይጥል ነበር እንጂ እንዲህ መርጦ አይቆምም።

በማግስቱ ከቤቴ ሞከርኩት። የቤቴ መስመር ቀርፋፋ ነው። ቆመ። ኩላሊት ላይ! ከደስታዬ ብዛት እጄን አጨበጨብኩ። ለካ እኔም ቴክኒሻኑም የምንሞክረው ፈጣን መስመር ላይ ተቀምጠን ነው።

ደግሜ ስደውልለት እሱም መስመሩን አቀዝቅዞ ሞከረ። እሱም ጋ ቆመ።

«እናቴ፣ ገባኝ» አለ በመጨረሻ። «ሁለት ሰርቨር ነው ያለው። አንዱ ጓዳ ሆኖ መጽሐፉን ይይዛል፤ ሌላው በር ላይ ቆሞ ለሰው ያድላል። የበሩ ሰርቨር ከጓዳው ቶሎ ቶሎ እየተቀበለ ያቅፋል፤ ማቀፍ የሚችለው ግን አንድ ጊጋ ነው። ተቀባዩ ቀርፋፋ ከሆነ እቅፉ ይሞላና ጓዳውን ‹ቆይ› ይለዋል። ጓዳው ትንሽ ይጠብቃል፤ ሲሰለቸው ዘግቶ ይሄዳል። በሩ ላይ ያለው ያቀፈውን ይሰጥና ያበቃል።»

«ፈጣኑ ሰውስ?»

«እሱ ቶሎ ስለሚቀበል እቅፉ አይሞላም።»

«ታዲያ እቅፉን አስፋልኝ፤ ወይም የጓዳውን ትዕግሥት ጨምርልኝ።»

«ቀላል ነው፤ አንድ መስመር ነው። ግን ሰርቨሩ የጋራ ነው። ብዙ ደንበኞች አሉበት። ለውጥ የምናደርገው በወር መጨረሻ ጥገና ላይ ብቻ ነው።»

«ፈተናው እኮ ሰኞ ነው!»

«አውቃለሁ እናቴ። አለቃዬን ለመንኩት። እንቢ አለ።»

ደሜ ፈላ። አንድ መስመር! ጥርሴን ነክሼ ዘጋሁና ተቀመጥኩ። የቀረኝ መንገድ አንድ ብቻ ነበር፤ መጽሐፉን ከአንድ ጊጋ በታች እየቆራረጡ ማስቀመጥ። ለማንም ሌላ አንባቢ ቢሆን የምሳ ሰዓት ሥራ ነው። ለጋሼ ነጎድጓድ ግን አይደለም።

ጋሼ ነጎድጓድ ዕድሜ ልኩን የሬዲዮ አንባቢ ነበር። ሲያነብ የመቅጃ ክፍላችን መስታወት ይንቀጠቀጣል። ጡረታ የወጣ ዕለት የመጨረሻ ፕሮግራሙን ሲሰናበት፣ ዓረፍተ ነገሩን ሳይጨርስ ማስታወቂያ አስገቡበት። ከዚያ ወዲህ ለእኛ በነፃ ሲያነብ አንድ ነገር ብቻ ነው የጠየቀው፤ የሱ መጽሐፍ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አንድ ሆኖ ይቀመጥ፣ ማንም መቀስ አያስገባበት። ሥራ አስኪያጃችን እጁን ጨብጣ ቃል ገብታለታለች። ሳላስፈቅድ መቁረጥ እችል ነበር፤ ግን የተገባ ቃል ነው፣ እኔም አንድ ቀን ፈጣሪዬ ፊት እንደምቆም አውቃለሁ።

ነገሩን ለሥራ አስኪያጇ ነግሬ ስሄድ፣ መቅጃ ክፍሉ ውስጥ ሙቅ ውኃ እየጠጣ አገኘሁት።

«ጋሼ፣ አንድ ነገር ላስቸግርዎ።»

«መቁረጥ ከሆነ አልሰማሁም።»

«ሳልነግርዎት?»

«ሥራ አስኪያጇ ነግራኛለች። አንቺ ልጅ፣ መጽሐፍ ሥጋ አይደለም። አልቆረጥም ብያለሁ፣ አልቆረጥም!» ብርጭቆው ጠረጴዛው ላይ ጮኸ።

«ተቆርጠዋል እኮ ጋሼ።»

«ማን ነው የቆረጠኝ?»

«ሰርቨሩ።»

«ሰርቨር ደግሞ ምን ያውቅና?»

«ምንም አያውቅም። ችግሩ እሱ ነው።»

ክርክር አልቀጠልኩም። ከቤቴ ያወረድኩትን ጎዶሎ ቅጂ ከፍቼ የጆሮ ማዳመጫውን አቀበልኩት። የገዛ ድምፁ መጣ፤ «ኩላሊት ቅርጹ ባቄላ የመሰለ ሲሆን፣ ዋና ሥራው ደምን ማጣ...»

ጠበቀ። ማዳመጫውን ጆሮው ላይ ጫን አደረገው።

«ቀጥሎስ?»

«ቀጥሎ የለም። ለስልከኛዋ ይኸው ነው።»

«‹ማጣራት› እንኳ አላስጨረሰኝም!»

«የታሪኩ መጽሐፍም እንደዚሁ ነው። ልብ ወለዱም።»

«የኔዎቹ?»

«አዎ፣ ሁለቱም የእርስዎ ናቸው። ሌሎቹ አንባቢዎች በምዕራፍ ስለተከፈሉ እቅፉ አይሞላባቸውም። ሙሉ ሆኖ የሚቀመጠው የእርስዎ ብቻ ስለሆነ፣ የሚቆረጡትም እርስዎ ብቻ ነዎት።»

አሁን ይጮኻል ብዬ ጠረጴዛውን ያዝኩ። አልጮኸም። አንዴ ብቻ «አጫውቺው» አለኝ፤ ደግሞ ሰማ። ደግሞ እዚያው ላይ ሲቆም ፊቱ እንደዚያ የመጨረሻ ፕሮግራሙ ዕለት ሳይሆን አልቀረም። አሳዘነኝ፤ ግን ሰኞም እየመጣ ነው። ስልኬን አውጥቼ ለስልከኛዋ ደወልኩና ድምፁን ከፍ አድርጌ ጠረጴዛው ላይ አኖርኩት።

«ልጄ፣ መጽሐፉን ያነበብኩት ነኝ» አላት ጋሼ ነጎድጓድ።

«እርስዎ ነዎት የፀጉሩ ሰውዬ!» አለች። «ይገርማል፣ በስልክም ያው ነዎት። ስለ ራስ ቅል ሲያነቡ የኔ ራስ ነው የሚነዝረኝ።»

ፈገግ ሊል ቃጣው። «ኩላሊቱ ጋ እንደሚቆምብሽ ሰማሁ።»

«አዎ ጋሼ። እዚያ ላይ ሲደርስ ሁልጊዜ የሚቀጥል ይመስለኛል። ስልኩን ጆሮዬ ላይ አድርጌ እጠብቅዎታለሁ።» ከዚያ፣ «ላስቸግርዎ አልፈልግም፤ ግን እግሩን መቼ ነው የሚያነቡልኝ?» አለችው።

አንብቦታል እኮ። ካነበበው ቆይቷል። ጋሼ ነጎድጓድ ወደ እኔ ዞረና አየኝ፤ እኔ በሆዴ እጸልይ ነበር።

«ነገ ማታ ታገኚዋለሽ» አላት።

ስልኩ ሲዘጋ ጉሮሮውን ጠረገ። ካፖርቱን አነሣ፣ መልሶ አስቀመጠው።

«ጠዋት በጊዜ እመጣለሁ» አለኝ። «አጠገብሽ እቀመጣለሁ። የት ላይ ትንፋሽ እንደወሰድኩ የማውቀው እኔ ነኝ፤ የሚቆረጥበትን ቦታ የማሳይሽም እኔ ነኝ። አንዲት ቃል እንኳ ከመሃሏ አትነኪብኝም።»

«እሺ ጋሼ። ከፀጉር ነው የምንጀምረው?»

«ምን ፀጉር ትላለች ይቺ!» አለ፣ መስታወቱ እየተንቀጠቀጠ። «ከእግር!»