ያልደረሰው ግማሽ

«ሳንባዎ ንጹሕ ነው። የፈራሁት ነገር እዚያ የለም» አለች ፈትለወርቅ ወደ ማይክሮፎኗ ጠጋ ብላ። የምትናገረው የሐኪሙን ቃል ነበር። አስተርጓሚ በስልክ «እኔ» ሲል ራሱን ማለቱ አይደለም፤ ዘጠኝ ዓመት በዚህ ሥራ ስትኖር አንዴ ሐኪም፣ አንዴ በሽተኛ፣ አንዴ ዳኛ እየሆነች ነው የዋለችው።

«ተመስገን። ተመስገን ጌታዬ» አሉ ከወዲያ ማዶ አንድ ሽማግሌ።

ገና «ጤና ይስጥልኝ» ሲሉ ነበር በድምፃቸው ያወቀቻቸው። የእድሩ ጸሐፊ ጋሼ አምላኩ ናቸው። ባሏ የሞተ ጊዜ አስከሬኑን አገር ቤት ለመላክ ሦስት ቀን ሙሉ ከቢሮ ቢሮ የተንከራተቱላት እሳቸው ነበሩ። የሥራው ደንብ የሚያውቁት ሰው ሲያጋጥም ይህንኑ ተናግሮ ጥሪውን ለሌላ መልቀቅ ነው። ግን በዚያ ሰዓት ሌላ የአማርኛ አስተርጓሚ ላይገኝ ይችላል፤ እሳቸው ደግሞ ለዚህ ቀጠሮ አራት ወር ጠብቀዋል። እዚህ ካናዳ፣ ካልጋሪ ውስጥ የማይተዋወቅ አበሻ ከየት ይመጣል ብላ ራሷን አሳመነችና ዝም አለች።

ሐኪሙ ቀጠለ። ጉበታቸው ላይ የታየው ነገር እንዳሳሰበው፣ በዚሁ ሳምንት ሌላ ምርመራ ማድረግ እንዳለባቸው፣ ጊዜ የሚሰጥ ነገር እንዳልሆነ በዝግታ ተናገረ። ፈትለወርቅ ጫር ጫር አድርጋ ጻፈችና ትንፋሿን ሰበሰበች። «ጉበትዎ ላይ ያየሁት ነገር ግን አሳስቦኛል...»

ይህን ብላ ሳትጨርስ ድምፅዋ መውጣት ማቆሙን ኮምፒውተሯ ነገራት። መስመሩ ተበላሽቷል።

ከሁሉ የከፋው እሷ እነሱን መስማቷ ነበር። የክፍሉ ድምፅ እየተቆራረጠም ቢሆን ይመጣል። ሐኪሙ «ሄሎ» አለ፤ ጥቂት ጠበቀ፤ ከዚያም በእንግሊዝኛ «ሁሉም ገባዎት? ኦኬ?» ሲል ጠየቃቸው። ጋሼ አምላኩም «ኦኬ፣ ኦኬ፣ ታንክ ዩ ዶክተር፣ ጋድ ብለስ» አሉ። ሐኪምን ድገምልኝ ማለት ነውር ነው ተብሎ ያደገ ሰው፣ ያውም ደስ ብሎት፣ ሌላ ምን ይላል።

«ጋሼ፣ አይነሱ። አልጨረስኩም» አለች ፈትለወርቅ። «ጋሼ አምላኩ፣ ይቀመጡ።»

ወንበር ሲገፋ ሰማች። በር ተከፈተ፤ ተዘጋ።

በዚያኑ ዕለት ለኩባንያዋ ሪፖርት አደረገች። መልሱ ሳይውል ሳያድር መጣ። ሐኪሙ «በሽተኛው ተረድቷል» ብሎ ፋይሉን ዘግቶታል። አስተርጓሚ ባለጉዳይን በግል ቢያነጋግር ከሥራ ይሰናበታል። ደግሞም ከእሷ ቤት መስመር ሲቋረጥ በዚህ ዓመት ይህ ሦስተኛው ነውና አራተኛ እንዳይኖር። ፈትለወርቅ ይህን ያነበበችው ራንድል በሚባለው አሮጌ ሰፈር በተከራየችው ምድር ቤት፣ በመስኮቱ የአላፊ አግዳሚ ጫማ ብቻ በሚታይበት ክፍል ተቀምጣ ነው። የሰፈሩ የኢንተርኔት መስመር የተዘረጋው እሷ ገና አዲስ አበባ ጥቁር ሰሌዳ ላይ ፊደል ስትቆጥር ነበር። ሁለት ጊዜ መጥተው ያዩት ሠራተኞች ሽቦው አርጅቷል ብለዋት ሄደዋል፤ መቼ ይቀየራል ስትላቸው ትከሻቸውን ነቀነቁ። ሬድስቶንና ሲቲስኬፕ የሚባሉት ሰፈሮች አዲስ ሲሠሩ ፋይበሩ፣ ፈጣኑ የኢንተርኔት ገመድ፣ ከውኃ ቧንቧው ጋር አብሮ ተቀብሮላቸዋል። ላለው ይጨመርለታል ማለት ይሄ ነው።

ሆስፒታሉ ራሱ ይደውልላቸዋል፣ ዛሬ ካልሆነ ነገ ይደውልላቸዋል እያለች ዘጠኝ ቀን አሳለፈች። የባለጉዳይን ምስጢር ላታወጣ ምላለች፤ ይህ እውነት ነው። ግን መሐላው ብቻ ቢሆን ኖሮ እንቅልፍ ባልነሳት። ሥራዬን አጣለሁ ብላ ፈርታ ነበር፤ ፍርሃቷንም መሐላ አልብሳ አስቀመጠችው።

በዐሥረኛው ቀን ረፋድ ላይ ጋሼ አምላኩ ወደ ማዘጋጃ ቤት ሊወስዷት በቫናቸው ደጇ ድረስ መጡ። ከኋላ ሐሴት ተቀምጣለች። ሐሴት እዚሁ ካልጋሪ የተወለደች፣ ሶፍትዌር የምትሠራ የሃያ ስድስት ዓመት ወጣት ናት። ከተማው በራሱ ገንዘብ ወደ አሮጌዎቹ ሰፈሮች ፋይበር ይዘርጋ ወይስ ነገሩን ለኩባንያዎች ይተወው በሚለው ጉዳይ ምክር ቤቱ ዛሬ ሕዝብ ያዳምጣል፤ ከዚያም ይወስናል። የራንድልን ነዋሪ ቤት ለቤት እየዞረች የቀሰቀሰችው ሐሴት ናት፤ ፈትለወርቅን ተናጋሪ አድርጋ ያስመዘገበቻትም እሷው ናት።

«እትዬ ፈትለ፣ ስፒቹን አነበቡት?»

«አነበብኩት። ቁጥር በዝቶበታል።»

«አይ ኖው። ነምበር ሰው አያሳምንም። ላይክ፣ አንድ ሪል ስቶሪ ያስፈልገናል። ከሥራዎ የሆነ ነገር ቢያወሩስ? ስም ሳይጠሩ።»

«ከሥራዬ የሚወራ የለም፣ የኔ ልጅ።»

«ተያት እንጂ» አሉ ጋሼ አምላኩ በመስታወቱ ወደ ኋላ እያዩ። «የእሷ ሥራ እንደ ንስሐ አባት ነው። የሰማችውን ውጣ መተኛት ነው።» ከዚያ ወደ ፈትለወርቅ ዞር አሉ። «ለመሆኑ የምሥራቹን ነግሬሻለሁ? ሳንባህ ነጻ ነው ተባልኩ። አራት ወር ሙሉ በልቤ ስናዘዝ ነበር የከረምኩት። ያስተረጎመችልኝ ልጅ ደግሞ የተባረከች፤ ድምፅዋ ቁርጥ ያንቺን።»

«እግዚአብሔር ይመስገን» አለች ፈትለወርቅ። «ከዚያ ወዲህ ሆስፒታሉ አልደወለም?»

«ምን ሊል ይደውላል? የሚያስቸግረኝ ፕራይቬት ነምበር ነው። ሰሞኑን በቀን ሁለቴ ይደውላሉ። እነዚያ ታክስ ነን እያሉ ሰው የሚዘርፉት ናቸዋ። እኔን አያገኙኝም። እንዳታነሱ ብዬ እድሩ ላይ ያወጅኩት ራሴ።»

በዚህ ከተማ ሆስፒታል ሲደውል ቁጥሩ እንደማይታይ ፈትለወርቅ ታውቃለች። ሰዎቹ ሲፈልጓቸው ከርመዋል ማለት ነው። እሷ ዘጠኝ ቀን የተደገፈችበት ተስፋ እዚያው መኪና ውስጥ ከእጇ ወደቀ። ሐሴት ባለችበት ግን የሚነገር አልነበረም፤ ማዘጋጃ ቤቱ ደረሱ።

አዳራሹ ሞልቷል። ለተናጋሪ የሚሰጠው አምስት ደቂቃ ነው። ከእሷ በፊት አንድ ኮፍያ ያደረገ ነጭ ሽማግሌ ቆመ። «ደጄ ላይ ያለው ጉድጓድ ጎማዬን ሁለት ጊዜ በልቶታል» አለ። «የቤት ግብሬ በየዓመቱ ይጨምራል። ሠላሳ ስምንት ሚሊዮን ዶላር ከማን ኪስ ነው የሚወጣው? ጎረቤቴ ፊልም ቶሎ እንዲከፈትለት ብዬ ቤቴን ልሽጥ?» ብዙ ሰው አጨበጨበለት። ፈትለወርቅ ልትጠላው ፈልጋ አልቻለችም፤ ሰውዬው የሚናገረው የራሱን ችግር ነው። ቀጥሎ አንድ ሙሉ ልብስ የለበሰ የኩባንያ ሰው ተነሳና ገበያው ሥራውን ይሠራል፣ በአምስት ዓመት ውስጥ ራንድልም ይደርሰዋል አለ። አምስት ዓመት ሲል ዓይኑን እንኳ አላሸም፤ ነገ የሚል ነበር የሚመስለው።

ተራዋ ደረሰ። ሐሴት የጻፈችላትን አነበበች። ስንት ቤት በአሮጌ ሽቦ እንደሚጠቀም፣ ስንት ሰው ከቤቱ እንደሚሠራ፣ እሷም አንዷ እንደሆነች ተናገረች። ስትጨርስ መነጽሯን ግንባሯ ላይ የሰቀለች አንዲት የምክር ቤት አባል ማይክሮፎኗን ከፈተች።

«ወይዘሮ ፈትለወርቅ፣ እውነቱን ልንገርዎ፤ እኔ ገና አልወሰንኩም» አለች። «መስመሩ ሲቋረጥ እርስዎ እንደሚቸገሩ ገብቶኛል። ነገር ግን በዚህ ምክንያት በሽተኛ የተጎዳበት አንድ ጉዳይ ያውቃሉ? አንድ ምሳሌ ቢሰጡኝ ይጠቅመኛል።»

ፈትለወርቅ ወደ ኋላ ዞር ብላ አየች። ጋሼ አምላኩ ሦስተኛው ረድፍ ላይ፣ ለሠርግና ለለቅሶ ብቻ በሚለብሱት ኮት ቀና ብለው ተቀምጠዋል። ዓይናቸው ከእሷ ጋር ሲገጥም አውራ ጣታቸውን አነሱላት። ሐሴት ጆሯቸው ሥር ጠጋ ብላ የሚባለውን ሁሉ በዚያች በምታውቃት አማርኛ እየነገረቻቸው ነው። ፈትለወርቅ አሁን አንድ ዓረፍተ ነገር ብትናገር አዳራሹ ጸጥ ይላል፤ ምናልባት ራንድልም ፋይበሩን ያገኛል። ጋሼ አምላኩ ግን ጉበታቸው ላይ ያለውን ነገር በሐሴት ሹክሹክታ፣ በሁለት መቶ ሰው መሐል ሊሰሙ ነው። ሰው የራሱን ክፉ ነገር እንዲህ አይረዳም። አገር ቤትም መርዶ ሲነገር ወግ አለው።

«አዎ፣ አውቃለሁ» አለች።

«ሊነግሩን ይችላሉ?»

«አልችልም። ታሪኩ የእኔ አይደለም።»

ሴትየዋ ራሷን ነቀነቀች፤ ክፉ ሰው አትመስልም። «አከብርዎታለሁ። ያልሰማሁትን ነገር ይዤ ግን ይህን ያህል ገንዘብ ላጸድቅ አልችልም።»

ከሰዓት በኋላ ድምፅ ተሰጠ። ሐሳቡ ዘጠኝ ለስድስት ወደቀ። ያቺም ሴት ከዘጠኙ አንዷ ነበረች።

ሐሴት ደረጃው ላይ ደረሰችባት። ዓይኗ ቀልቷል። «እትዬ፣ ዋይ? ስቶሪው ነበረዎት። አውቃለሁ ብለው ደግሞ... ጀስት አንድ ሴንተንስ ነበር እኮ። ሁለት ዓመት ነው በር ሳንኳኳ የኖርኩት።»

«ጠልተሽኝ ብትሄጂ አልቀየምሽም» አለች ፈትለወርቅ። «ብናገርም ዘጠኙ ስምንት ቢሆኑ ነው። ደግሞ ቢያልፍም አልናገረውም ነበር።»

ሐሴት ቦርሳዋን አንግታ ወደ ባቡሩ ሄደች።

ምድር ቤቱ ፓርኪንግ ውስጥ ጋሼ አምላኩ የፈትለወርቅን በር ራሳቸው ከፍተው አስገቧት። ዞረው መሪው ላይ ተቀመጡ። «አይዞሽ» አሉ ቀበቷቸውን እየሳቡ። «ምን እንዲህ ያጠቁርሻል? ሲሆን ይሆናል። ካልሆነም ሽቦ ነው፤ ሰው አልሞተ።»

«ጋሼ፣ መኪናውን አያስነሱ።»

«ምነው?»

«ያን ቀን ያስተረጎምኩልዎ እኔ ነኝ።»

ሳቁ። «ብያለሁ እኮ። ድምፅሽ ይጠፋኛል እንዴ? አፍ አውጥቼ ካልኩ ትቸገራለች ብዬ ነው።»

«መስመሩ ተቋርጦብኝ ነበር። ሐኪሙ ከተናገረው የደረስዎ ግማሹ ነው።»

ሳቃቸው ፊታቸው ላይ እንዳለ ቀረ። ቀበቷቸውን ለቀቁት፤ ተመልሶ ተጠቀለለ። ፈትለወርቅ ሐኪሙ ያለውን ሳትጨምር ሳትቀንስ ነገረቻቸው። ጉበታቸው፣ ምርመራው፣ ጊዜ የማይሰጥ መሆኑ። ያ ቁጥር የሌለው ስልክም ሆስፒታሉ ሳይሆን እንደማይቀር ነገረቻቸው። ጋሼ አምላኩ የፊት መስታወቱን እያዩ ሰሟት። ሌላ ሰው ቢሆን ካንሰር ነው ወይ ብሎ ይጠይቅ ነበር። እሳቸው የጠየቁት ሌላ ነው።

«ይህን ካወቅሽ ስንት ቀንሽ ነው?»

«ዛሬ ዐሥረኛዬ ነው።»

«ዐሥር ቀን» አሉ። «እሑድ ቤተ ክርስቲያን ተገናኝተን፣ ጉንጬን ስመሽኝ።»

«ፈርቼ ነው፣ ጋሼ። ሥራዬን እንዳላጣ።» ለማስተባበል የሚሆን ብዙ ቃል ነበራት፤ አንዱንም አላወጣችውም። ማልቀስ ግን አልቀረላትም።

በሩን ከፍተው ወረዱ። በሁለት የሲሚንቶ ምሰሶዎች መሐል ጀርባቸውን ሰጥተዋት ቆሙ። ትተዋት የሚሄዱ መሰላት፤ ቢሄዱም አትፈርድባቸውም። ሠላሳ ዓመት የትምህርት ቤት አውቶቡስ የነዱት እጆቻቸው የኮታቸውን ጠርዝ ሲጨብጡና ሲለቁ ከመኪናው ውስጥ ታያለች። ከዚያ በእሷ በኩል መጡና በሩን ከፈቱ። ቁልፉን ዘረጉላት፤ ፊቷን ግን አላዩም።

«አንቺ ንጂ» አሉ። «እኔ እጄ አልረጋልኝም።»

ቦታ ተለዋወጡ። ከአንድ ሰዓት በኋላ ሥራ መግባት ነበረባት። ፈትለወርቅ ስልኳን አወጣችና ለአለቃዋ በእንግሊዝኛ አጭር መልእክት ጻፈች፦ የዛሬ ዐሥር ቀን መስመሩ የተቋረጠባቸውን በሽተኛ ከመጀመሪያውም አውቃቸው ነበር፤ ዛሬ የሐኪሙን ቃል ነግሬአቸው ወደ ሆስፒታል እየወሰድኳቸው ነው። ከሥሩ የአስተርጓሚነት ቁጥሯን ሳይሆን ሙሉ ስሟን ጽፋ ላከችው። ከዚያም የጋሼ አምላኩ እግር ረጅም ነውና ወንበሩን ወደ ፊት ሳብ አድርጋ መኪናውን አስነሳች።