የወልደ ሩፋኤል ቀንድ

ቅዳሜ ጠዋት የብርጓል እንደ ልማዷ ከሁሉ በፊት ጥፍሯን ቆረጠች። ከዚያ እጇን እስከ ክርኗ በእንዶድ ታጠበች፤ ለጋ ቅቤ የያዘችውን ትንሽ ቅል ከጓዳ አወጣች፤ ነጠላዋን ደረበች። ልጇ ታየች መደብ ላይ በጎኗ ተጋድማ ታያታለች። የመጀመሪያ ልጇን በእናቷ ቤት እንድትወልድ ባሏ ከአማኑኤል ከተማ በበቅሎ ካመጣት ሦስተኛ ሳምንቷ ነበር።

«የሰውን ሆድ ስትዳብሺ ውለሽ ማታ ደግሞ የኔን፤ አይሰለችሽም?» አለች ታየች።

«ያንቺስ አያሰለችም። አርፎ የሚተኛ ልጅ ነው፤ አባቱን መስሎ።»

ታየች ሳቀች፤ ሳቋን ሳትጨርስ ግን ወገቧን ያዘች። «ከሌሊት ጀምሮ እንዲህ ያደርገኛል።»

የብርጓል እጇን ሆዷ ላይ አሳርፋ ጥቂት ቆየች። «ገና ነው። ከጠናብሽ ማሬን ላኪብኝ» አለቻትና ወጣች። ማሬ አጥር የምትጋራቸው ጎረቤታቸው ናት።

ከቤቷ እስከ ደብረ ማርቆስ ገበያ ሩቅ አይደለም። በጣልያን ምሽግ በኩል ሲታለፍ ግን ፍተሻ አለ። ዘበኛው ቅሏን ከፍቶ ቅቤውን አሸተተና መለሰላት። ይኸም ልማድ ሆኗል።

አስያ የጨርቅና የጨው ነጋዴው የአብዱልዋሂድ ሚስት ናት። ከሱቃቸው በስተኋላ ያለው ጓዳ ቅዳሜ ቅዳሜ የነፍሰ ጡሮች ነው። ገበያ የወጣች ሴት ጨው ልትገዛ የገባች መስላ ወደ ውስጥ ትዘልቃለች። የብርጓል ሆዷን በቅቤ እየዳበሰች ልጁ እንዴት እንደተኛ ታያለች። አንሙት እግሯ አብጦ፣ ዐይኗ ነጥቶ እንደሆነ ይመለከታል። አንሙት የደብረ ኤልያስ ገበሬ ልጅ ነው፤ ከጠላት በፊት አዲስ አበባ ድረስ ሄዶ ድሬሰርነት የተማረ፤ አሁን በምሽጉ ሐኪም ቤት ቁስል ያጥባል፣ መርፌ ይወጋል። ባንዳ የሚሉት አሉ። የቅዳሜ ሴቶች ግን አይሉትም። ደብተራ ወልደ ሩፋኤል ደግሞ መድኃኒት አዋቂ ነው። ሲገባ የሥር ዱቄት የያዘበትን የበሬ ቀንድ ከግድግዳው ችካል ላይ ይሰቅልና ከሥሩ ይቀመጣል።

እነዚህ ሰዎች አብረው መሥራት ከመልመዳቸው በፊት ብዙ ተኳርፈዋል። አንሙት መጀመሪያ «እማማ፣ እትብት የሚቆርጡበትን ምላጭ ይቀቅሉት» ያላት ጊዜ የብርጓል ወር ሙሉ አላነጋገረችውም። ያስታረቃት ወልደ ሩፋኤል ነው። «እኔ ሥር የምቆርጠው ጾሜ፣ ታጥቤ፣ በንጹሕ ቢላ ነው። የሰው ልጅ ከሥር ያንሳል?» አላት። ከዚያ ወዲህ ምላጩ በአስያ ድስት ይፈላል።

ስምምነታቸው አንድ ነበር፤ ማንኛቸውም ለነፍሰ ጡር የሚሰጠውን ሌሎቹ ሳይሰሙ አይሰጥም። ለወልደ ሩፋኤል ብቻ የሥሩን ስም እንዳይናገር ተፈቅዶለታል። ከአባቱ የወረሰው በመሐላ ነው። ስሙ በሰው ፊት የተጠራ መድኃኒት ይረክሳል፤ ከዚያ በኋላ አይሠራም። ስለዚህ «ለዚህች ሰጥቻለሁ» ማለቱ ይበቃ ነበር።

ስምምነቱ የመጣው ከጥሩነሽ በኋላ ነው። ጥሩነሽ የብርጓል የመጀመሪያ ልጅ ነበረች። ምጥ ረዝሞባት በወሊድ ደም ሞተች፤ ያዋለደቻት እናቷ ናት። ይህን በጓዳው ውስጥ የሚያነሳ ሰው የለም። ከዚያ ወዲህ በጓዳው ከታዩት ሴቶች ግን አንዲትም አልሞተችም።

የዚያን ቀንም ጓዳው ሞልቶ ነበር። አንሙት አንዲትን የገጠር ሴት «እግርሽን አሳዪኝ» ቢላት፣ «ባሌ እንኳ ጠይቆኝ አያውቅም» ብላ ሴቶቹን አሳቀቻቸው።

«ባልሽ ጫማ ሰፊ አይደለማ» አለ ወልደ ሩፋኤል ከጥጉ።

«እርስዎ ደግሞ የኔታ፣ ፊትዎን ወደ ግድግዳው ያዙሩ» አለችው አስያ፤ እሱም እየሳቀ ዞረ።

ማሬ እያለከለከች የገባችው አምስት ሰዓት ሲሆን ነው። ታየች ምጥ ጠንቶባታል። አስያ ሱቁን ለባሏ ትታ ነጠላዋን አነሳች። የብርጓል ግን ወደ ጥጉ ሄዳ ጎንበስ አለች።

«የኔታ፣ ምጧ እንዲፈጥን ከቀንዱ ትንሽ ይስጡኝ።»

«ለልጅሽ? ለአንሙት ንገሪው እንጂ።»

«ቆይ ይለኛል። እኔ መቆየት አልችልም።»

ወልደ ሩፋኤል ፊቷን አየ። ስለ ጥሩነሽ ያውቃል። አንሙት ጀርባውን ሰጥቶ እጁን ይታጠብ ነበር። ደብተራው ከዱቄቱ በጨርቅ ቋጥሮ በእጇ አኖረላት።

ስድስት ሰዓት ላይ የብርጓል ሥሩን ማንም ሳያይ በተልባ በጥብጣ ለታየች አጠጣቻት። ምጡ ጎረፈ። ማሬ ከኋላ ደግፋ «ማርያም፣ ማርያም» ትላለች፤ አስያ ግንባሯን እየጠረገች ዱዓዋን በለሆሳስ ታደርጋለች። ዘጠኝ ሰዓት ሳይሆን ልጅቷ በየብርጓል እጅ ላይ ወረደች፤ አለቀሰችም። ሦስት ጊዜ እልል ተባለ። የብርጓል በተቀቀለው ምላጭ እትብቱን ቆረጠች።

እንግዴ ልጁ ግን አልወጣም። ጠበቁ። ደሙ መጀመሪያ በጥቂቱ ነበር፤ ኋላ ጨርቅ ተለወጠ፤ ሌላ ጨርቅ ተለወጠ። የብርጓል ይህን ደም ታውቀዋለች። አስያ ሳትጠይቃት ማሬን ወደ ገበያ አስሮጠች።

አንሙት ከሐኪም ቤቱ ደብቆ ያወጣትን አንዲት መርፌ ይዞ ደረሰ። ወንድ ምጥ ቤት አይገባምና በበሩ ላይ ከተጋረደው ነጠላ ውጭ ቆመ። አብሮት የመጣው ወልደ ሩፋኤል የቤተ ክርስቲያን ሰው በመሆኑ ልጅቷ ክርስትና እስክትነሳ ከአራስ ቤት አይደርስም፤ አጥሩ ሥር ድንጋይ ላይ ተቀመጠ።

«ምን ጠጥታለች?» አለ አንሙት።

«ተልባ» አለች አስያ። «ሌላ ምንም።»

የብርጓል እጇ ልጇ ሆድ ላይ ነው። ዝም ብትል የሚሰማ የለም፤ መርፌው ይወጋል፤ ምናልባትም ደሙ ይቆማል። ምናልባት። የታየችን ከንፈር አየች፤ ነጥቷል።

«ከየኔታ ሥር ጠጥታለች። ለምኜ የወሰድሁት እኔ ነኝ» አለች።

አስያ ቀና ብላ አየቻት። አንሙት መርፌውን ወደ ታች አደረገና ወደ አጥሩ ዞረ።

«የኔታ፣ ምንድን ነው የሰጧት?»

ወልደ ሩፋኤል መሬት መሬት ያያል። «ምጥ የሚያፋጥን ነው።»

«አውቃለሁ። እንዴት አድርጎ ነው የሚያፋጥነው? ይህ መርፌ ማሕፀን ይጨብጣል። የርስዎም ሥር ጨብጦ የያዘው ከሆነ፣ ሁለቱ ተደርበው እንግዴ ልጁን ውስጥ ይዘጉበታል። ካልሆነ ደግሞ አሁኑኑ ካልወጋኋት ደሟ ያልቃል። ስሙን ካላወቅሁ የቱን እንደማደርግ አላውቅም።»

«ከነገርሁህ በኋላ ለማንም አይሆንም። አባቴም አያቴም ሲይዙት የኖሩት ነው።»

«ለእሷ ይሁና፣ የኔታ።»

ወልደ ሩፋኤል ተነሣ። ነጠላውን አወረደ፤ በመቅደስ ፊት እንደሚቆም ሰው ቆመ። ከዚያ ስሙን በደረቅ ድምፅ፣ ሁሉም በሚሰማው መጠን ተናገረ። ያለውን ቃል የብርጓል ከውስጥ ሆና ሰምታለች፤ ለማንም ግን አልነገረችም።

«እሱ ነው እንዴ?» አለ አንሙት። «ደብረ ኤልያስ ላም በልታው ስትጨነግፍ አይቻለሁ። አጥብቆ ይይዛል፤ ቶሎም ይለቃል። ጠጥታው ስንት ሰዓት ሆናት?»

«ሦስት አልፏል» አለች የብርጓል።

«እንግዲያው መርፌው ይቆይ። ልጅቷን ጡት አስይዟት። እማማ፣ እርስዎ ማሕፀኑ እስኪላላ በእጅዎ ይጠብቁት። ሲላላ እሹት፤ እትብቱን ግን አይጎትቱ። እንግዴ ልጁ ሲወጣ ያን ጊዜ እወጋታለሁ።»

የብርጓል እጇን በቅቤ አሽታ አሳረፈች። እንደ ድንጋይ ጠጥሮ የነበረው ሆድ ቀስ በቀስ ከመዳፏ ሥር ሲላላ ተሰማት። ሃያ ዓመት ሙሉ የሠራችውን ሥራ ሠራች። እንግዴ ልጁ ሳይቀደድ፣ ሙሉውን ወጣ። አስያ የታየችን ክንድ በነጠላው ሥር አሾለከች፤ አንሙት ከውጭ ወጋው። የሚቀጥለው ጨርቅ ከበፊቱ ደረቅ ነበር፤ ከዚያ በኋላ ያለው ደግሞ ከዚያም ይበልጥ።

«ገንፎ የሚያገነፋ የለም?» አለች ታየች በደከመ ድምፅ። ማሬ ሳቀች፤ ኋላም አለቀሰች።

የብርጓል ወደ ውጭ ስትወጣ ወልደ ሩፋኤል አጥሩ ሥር ቀንዱን ገልብጦ ዱቄቱን ያራግፍ ነበር። አጠገቡ ሄዳ ቆመች።

«ግቢ፤ አራሷ ትጠብቅሻለች» አላት። «እኔ ደህና ነኝ።»

ሰማንያው ቀን ሞልቶ ልጅቷ ክርስትና ከተነሳች በኋላ ታየች አዝላት ወደ አስያ ጓዳ መጣች። ወልደ ሩፋኤል ለመጀመሪያ ጊዜ አያት፤ አፍንጫዋን በጣቱ ነክቶ «አንቺ ነሽ ያስለፈለፍሽኝ?» አላት። የብርጓል ከዚያ ወዲህ ለሴቶቹ የሰጠችውን ሁሉ፣ ተልባም ቢሆን፣ ጮክ ብላ ትናገራለች፤ አንሙት በዚህ ይስቅባታል። ድስቱ ይፈላል። ሴቶቹ ከአማኑኤልም ከሉማሜም ይመጣሉ። ወልደ ሩፋኤል ለኮሶና ለእከክ የሚሆነውን በየከረጢቱ ይዞ በዚያው ጥግ ይቀመጣል።

ከበላዩ ያለው ችካል ባዶ ነው። ቀንዱ የለም።