የአሜሪካ ድሆች ሰልፍ

ፀሐይወርቅ በ1978 ዓ.ም. ባሕር ዳር ውስጥ አምስተኛ ክፍል ታስተምር ነበር። ባሏ ፋብሪካ ሲቀጠር ከአዲስ አበባ አብራው የመጣች ናት፤ ከተማውንም ልጆቹንም አልወደደቻቸውም።

መጋቢት ላይ ስለ ታላቁ የኢኮኖሚ ድቀት የሚናገረው ምዕራፍ ደረሰ። ከሃምሳ ዓመት በፊት አሜሪካ ውስጥ ፋብሪካው ተዘግቶ፣ ባንኩ ከስሮ፣ ሥራ ያጣው ሕዝብ ለአንድ ጭልፋ ሾርባ መንገድ ሙሉ ይሰለፍ እንደነበር ነገረቻቸው። ሰልፉ ልጆቹን አልገረማቸውም። ቀበሌ ሱቅ በር ላይ ለስኳር ተሰልፈው ያውቃሉ።

"ለወላጆች ቀን ይህን በቴአትር እናሳያለን" አለች። "ነገ ለልምምድ ሁላችሁም የድሃ ልብስ ለብሳችሁ ኑ።"

ሐቢባ የዓሣ አጥማጁ የዩሱፍ ልጅ ናት። ቤት ስትገባ ለእናቷ ለዘኪያ ቴአትር መኖሩን ብቻ ነገረቻት፤ "የድሃ ልብስ" ለማለት አፏ አልደፈረም። ዘኪያም ልጇ ለዒድ የምትለብሰውን አረንጓዴ ቀሚስ አጥባ፣ ብብቱ ላይ የተተረተረውን ሰፍታ፣ በማግስቱ ጠዋት አለበሰቻት።

ክፍል ውስጥ የደመወዝተኞቹ ልጆች ሆን ብለው የቀደዱትን አሮጌ ሸሚዝ ለብሰው ይሳሳቃሉ። ፀሐይወርቅ አንድ በአንድ አየቻቸውና አልረካችም። ሐቢባን ክንዷን ይዛ ከፊት አቆመቻት።

"እዩዋት። የነገርኳችሁን የሰማች እሷ ብቻ ናት። እናንተም መልበስ የነበረባችሁ እንዲህ ነው።"

ክፍሉ ሳቀ። ሐቢባ ባዶ ጣሳ ይዛ ደወሉ እስኪደወል ከሰልፉ ፊት ቆመች።

ማታ እያለቀሰች ለእናቷ ነገረቻት። ጠዋት ዘኪያ ልጇን አስከትላ ክፍሉ በር ላይ ቆመች።

"መምህርት፣ ልጄን ምን አሏት?"

"እያስተማርኩ ነው። ውጪ።"

ዘኪያ አንቺ መባሏን ሰማች። እሷም እርስዎ ማለቱን ተወች።

"ቀሚሱን ያጠብሁት እኔ ነኝ። የሰፋሁትም እኔ ነኝ። ካላት ልብስ ሁሉ ደኅናው እሱ ነው።"

"የማስተምረው ስለ አሜሪካ ድሆች ነው። ስለ አንቺ ልጅ አይደለም።"

"መጽሐፍሽ ላይ የልጄ ቀሚስ አለ?"

ከኋላ አንድ ልጅ ሳቀ። ፀሐይወርቅ ጠመኔውን ጠረጴዛው ላይ ወረወረችው። "ትምህርት እያደናቀፍሽ ነው። ለቀበሌ ብናገር ምን እንደሚመጣብሽ ታውቂያለሽ?"

"ተናገሪ። ትናንት ያዋረድሻት በእነዚህ ልጆች ፊት ነው፤ ዛሬም በእነሱ ፊት ይቅርታ በያት።"

"አልልም።"

ዘኪያ ከበሩ አልንቀሳቀስም አለች። ርዕሰ መምህሩ አቶ መርስዔ ኀዘን ተጠርተው መጡ። ሁለቱንም አዳመጡ፤ የቀበሌ ስም ሲነሳ ግን ፊታቸው ተለዋወጠ።

"ዛሬ ይዘዋት ይሂዱልኝ" አሏት ዘኪያን። "ነገ ሌላ ክፍል ትገባለች።"

ስለ ይቅርታ ምንም አላሉም።

በሐይቁ ዳር ሲመለሱ ሐቢባ ከእናቷ አሥር እርምጃ ቀድማ ትሄድ ነበር።

"ባትመጪ ኖሮ እስከ ሰኞ ይረሱት ነበር" አለች ዞር ሳትል። "አሁን ማን ይረሳዋል?"

ዘኪያ ልትመልስላት ስትል ልጅቷ ሮጠች።

ፀሐይወርቅ እንዳለችው ለቀበሌ ተናገረች። ዩሱፍ "ሚስትህን ያዝ" ተብሎ ሁለት ቀን ቀበሌ ተመላለሰ፤ ሁለቱንም ቀን ታንኳው ዓሣ ሳያጠምድበት ዳር ቆሞ ዋለ። ቤት ሲገባ ዘኪያን ሰደባት። እሷም "ነገም ቢሆን ትምህርት ቤቱ እሄዳለሁ" አለችው።

ሐቢባ በአዲሱ ክፍሏ መጨረሻው ወንበር ላይ ተቀመጠች። ስሟ ሲጠራ "አቤት" ትላለች። ከዚያ ሌላ እስከ ሰኔ ድረስ አንድ ቃል አልተናገረችም።