ሳህሉና የረድዋን ዶሮ

አንዲት ቃል ብዋሽ ዕድሜዬ ይጠር፣ ዶሮውን ማን አረደው ይላል ሳህሉ በሆዱ፣ ሌላ ማን ሊያርደው፣ ጎረቤቱ ረድዋን ነው እንጂ፣ ቢስሚላህ ሲል በግድግዳው ተሰምቷል፣ በስደት አገር፣ የኪቡሊ ሰፈር ኪራይ ቤት ግድግዳ እንደሆነ ጎረቤት ሲያዛጋ አንተ አፍህን ትይዛለህ። ትኩሳቱን ቀላል እንዳታደርጉት፣ ግንባሩ ላይ ሮሌክስ የሚሉት የመንገድ ጥቅል ይጠበሳል፣ እንቁላሉም ቂጣውም። የወባው ኪኒን ከቅባት ጋር ነው የሚዋጠው ብለውታል ሐኪሞቹ። ማቶኬውን፣ ያገሩን የሙዝ ቅቅል፣ አስመለሰው። ከነኪኒኑ። ዛሬም ከወጣ መርፌ፣ አልጋ፣ ከዚያ ወዲያ እግዜር ይወቅ። ሚስቱ ዘርፈሽ ሙየንጋ ሰፈር የፈረንጅ ቤት ልታጸዳ ወጥታለች፣ የረድዋን ሚስት ሲቲና የዶሮውን መረቅ ይዛ ራስጌው ቆማለች፣ ጋሼ ሳህሉ ይጠጡ እንጂ፣ ይበርዳል፣ አይ ልጄ፣ ማተቤስ፣ ኧረ ማተብዎ መቼ ይጠጣል፣ የሚጠጣው አፍዎ ነው።

የወሎ ሴት ምላስ። ጎኑን ባይወጋው ይስቅ ነበር። አባቱ መሪጌታ፣ የእስላም ድስት የታጠበበትን ወንዝ ሰባት ዓመት ያልተሻገሩ፣ እሳቸው ራሳቸው ግን ዳዊት ሲደግሙ አፈር ነን ይሉ ነበር፣ አፈር፣ የማን አፈር፣ የክርስቲያን አፈር የሚባል አለ እንዴ፣ እኔን በማኅፀን ያበጀ እጅ ወደ ረድዋን ሲያልፍ ታጥቦ ነው?

ቆይ።

ባለፈው ሳምንት በወባ የተኛው ረድዋን፣ አሁን እኔ፣ መሐላችን ያቺ ትንኝ፣ ርግብ የምታክል ትንኝ፣ እሱን ጠጥታ በኮርኒሱ ስንጥቅ ወደ እኔ፣ ሳትጠይቅ፣ ሳታማትብ፣ ለእሷ ሁለታችንም ሥጋ፣ ያው ቀይ፣ ያው ትኩስ፣ ታዲያ ደሙ ከገባ ምኑን ነው የምጠብቀው፣ ዶሮውም እስትንፋስ ነበረው፣ ትንኟም፣ ሁላችን በውሰት ትንፋሽ፣ ከላይ ሲያየን ማን ማንን ይጸየፋል፣ ዘርፈሽስ ብትሰማ፣ ዘርፈሽማ ዝም ብለህ ጠጣ፣ መበለት ልታደርገኝ ነው ወይ ነው የምትለው።

አምጪው ይላል።

ያማትባል፣ ኪኒኑን ይውጣል፣ መረቁን ይጨልጣል፣ ይጠብቃል፣ ሲቲናም ትጠብቃለች፣ መረቁ ወደ ላይ ይመጣል፣ ጉሮሮው ላይ ይቆማል፣ ያስባል፣ ይወርዳል። ረጋ። አልሐምዱሊላህ ትላለች ሲቲና፣ አሜን ይላል ሳህሉ።

ሁሉም እውነት ነው፣ አሜኗን ብቻ የጨመርኳት እኔ ነኝ፣ እሱ ግሳት ብቻ ነው ያሰማው።