በቀይ ክር የተሰፋው የሾፌሩ ቁልፍ

በተከታታይ ድራማው ውስጥ ልጅቷ የምታገባው ዶክተሩን ነው። ይህ ከመጀመሪያው ክፍል ጀምሮ ያለቀ የደቀቀ ጉዳይ ነበር፤ ለዶክተሩም ቪላ፣ መኪናና ያማረ ጥርስ ተሰጥቶታል። ሾፌሩ የተቀጠረው የመኪና በር እንዲከፍት ብቻ ነው።

የድራማውን አልባሳት የምትሰፋውን ልጅ ስፌት ያስተማራት የለም፤ ሌላው የሰፋውን እየተረተረች ነው የለመደችው። ስለዚህ ቀረጻ ሊጀመር ሲል የሾፌሩ የሸሚዝ ቁልፍ ተበጥሶ ጥቁር ክር ሲጠፋ አልደነገጠችም። ዶክተሩን ከምታገባው ልጅ ቀይ ቀሚስ በተረፈው ክር ጥብቅ አደረገችው።

«ማን ያየዋል?» አለች።

አገር አየው።

«ልጅቷ ናት የሰፋችለት!» አለች የሰፊዋ አክስት፣ ቴሌቪዥኑ ፊት ለተኮለኮሉት ጎረቤቶች። «በገዛ ቀሚሷ ክር! ተደብቃ!»

«እኔ ነኝ የሰፋሁት፣ አክስቴ።»

«አንቺማ ሥራሽ ነው። እሷ ለምን ሰፋችለት?»

በሳምንቱ አዘጋጁ ሰፊዋን አስጠራት። «ሰዉ ሁሉ ለሾፌሩ ዳሩልን እያለ ነው። ቁልፉን በጥቁር ክር ስፊው። የሚቀጥለው ክፍል ሰርግ ነው፤ ከዚያ በኋላ ስለ ሾፌሩ አንድ ሰው ቢተነፍስ፣ መቀስሽን ይዘሽ ውጪ።»

አክስቷ ዘንድ ሮጠች። «በናትሽ አክስቴ፣ እንጀራዬ ነው፤ ተዉት። ዶክተሩ ምን ጎደለው?»

«ምንም። እሱ አይደል ችግሩ? ዶክተሩን አብስለው አቀረቡልን። ሾፌሩን ግን ማንም አላሳየንም፤ በገዛ ዓይናችን ነው ያገኘነው። ያገኘነውን እንጣልልሽ?»

ሰፊዋም የተሰፋ ልብስ ገዝታ ሳትተረትር ለብሳ አታውቅም።

ቁልፉን በጥቁር ክር ሰፋችው። እንከን አልነበረውም። ሰርጉ ሲተላለፍ ሾፌሩ ለሙሽሮቹ በሩን ከፈተ፤ ካሜራው ደረቱ ላይ አረፈ።

«ወይኔ ልጄን!» አክስቷ ጉንጯን ያዘች። «ክሯን ፈትታዋለች! እንዳይታወቅባት!»

ጎረቤቶቹ ተላቀሱ።

በማግስቱ ሰፊዋ ሳትጠራ፣ መቀሷን በጨርቅ ጠቅልላ አዘጋጁ ቢሮ ገባች። ስልኩ ከትናንት ማታ ጀምሮ ይጮሃል። እሱ አያነሳውም።

«ወዴት ነው?»

«እርስዎ ወዳሉኝ።»

ጥቅሉን አየ። ስልኩን አየ። «ተቀመጪ» አላት። «ያ ቀይ ክር ተርፎሻል?»

«ለስንት ቁልፍ?» አለች ሰፊዋ።