ምድር ቤት የሚያንኳኳው ፓምፕ

ዊልማ ከፋሲካ ወዲህ አንድ ስኒ ቡና ሳትነሳ ጠጥታ መጨረስ አቅቷታል። በየአራት ደቂቃው ከእግሯ ሥር፣ ከምድር ቤቱ፣ በመዶሻ የተመታ ይመስል «ጓ!» ይላል። ፓምፑ ነው። ሚሺጋን ውስጥ በረዶው ቀልጦ ዝናቡ ሲጀምር የየሰዉ ፓምፕ ሥራ ይበዛበታል፤ ከመሬት በታች የሚጠራቀመውን ውሃ ምድር ቤቱ ወለል ላይ ካለው ጉድጓድ እየሳበ ወደ ግቢው ይተፋል። የጎረቤቶቿ ፓምፖች ግን ሥራቸውን በጨዋ ደንብ ይሠራሉ። የእሷው ብቻ ነው ሰፈር የሚያውክ።

ድሮ ይኼ የባሏ የሃርም ጣጣ ነበር። ሃርም ካረፈ ሁለት ዓመት ሆነው። እሱ በሕይወት ሳለ ከምድር ቤቱ አንድም ቀን ኮሽታ ተሰምቶ አያውቅም፤ ቢያንስ ዊልማ የምታስታውሰው እንደዚያ ነው።

ለፋሲካ ምሳ የመጣው ልጇ ብሬንት፣ ፓምፑ ባንኳኳ ቁጥር ሹካውን እያስቀመጠ ጣራ ጣራውን ያይ ነበር። መጨረሻ ላይ ቤቱ ከአቅሟ በላይ እንደሆነ፣ እሱ ከሚኖርበት ከተማ በአንድ የአዛውንቶች መኖሪያ ክፍል እንዳስያዘላት፣ መልሱንም ሁለት ሳምንት ቆይቶ ሰኞ ዕለት እንደሚፈልጉት ነገራት። በዋዜማው እሁድ መጥቶ ወረቀቱን ሊያስፈርማት ነው። ክፉ ልጅ አይደለም፤ ያናደዳትም ይኸው ነው። ክፉ ቢሆን በሩን ዘግታበት በተገላገለች። የክፍሉን ፎቶ አይታዋለች። መስኮቱ የሚያየው የመኪና ማቆሚያ ነው። ዊልማ አርባ ስድስት ዓመት ከኖረችበት ቤት ወጥታ የሰው መኪና ስትቆጥር ልትውል አትፈልግም።

ብሬንት ሊመጣ ሦስት ቀን ሲቀረው፣ ሐሙስ ዕለት፣ በርጩማ ይዛ ወረደችና ጉድጓዱ አጠገብ ተቀመጠች። መጀመሪያ እየሰማች ያለችው አንድ ድምፅ ይመስላት ነበር፤ ሦስት ነው። ውሃው ሞተሩን የሚያስነሳውን ተንሳፋፊ ኳስ ከፍ ሲያደርገው ሞተሩ እም ይላል። ከዚያ ውሃው ሽው እያለ በቱቦው ይወጣል። ሞተሩ ሲቆም፣ ያኔ ነው «ጓ!» የሚለው። ይኼን ስታውቅ ደስ አላት። ጥፋቱ ሞተሩ ላይ አይደለም ማለት ነው፤ ከሞተሩ በኋላ የሚመጣ ነገር ነው።

ዳረል የሚባለው የዕቃ መደብር ባለቤት ጋ ሄዳ ነገሩን ዘርዝራ አስረዳችው። ለጓደኛዋ እንደሆነም ጨመረች። በዚያ ከተማ ሰው ችግር ሲገጥመው ጓደኛውን ነው የሚልከው፤ ጓደኛው ቢኖርም ባይኖርም። ዳረልም ደንቡን ያውቃልና የጓደኛዋን ስም አልጠየቀም። ሞተሩ ሲቆም ሽቅብ የወጣው ውሃ ተመልሶ እንደሚወርድ፣ እንዳይመለስ የሚዘጋው ቫልቭ ሲያረጅ በሩን እንደሚያላትመው ነገራት። ቀስ ብሎ የሚዘጋ ባለ ሞላ አዲስ ቫልቭ ሰጣት። ቱቦው ላይ የሚይዙት በካቻቢቴ የሚጠብቁ ሁለት የብረት ቀለበቶች ብቻ ናቸው አላት።

ሁለቱ ቀለበቶች ዓርብን ሙሉ ፈጁባት። አንዱ ዝጎ አልላቀቅ ሲላት ሃርምን ተሳደበች፣ ከዚያ ይቅርታ ጠየቀችው። ማታውን ፓምፑ ተነሳ፣ ሳበ፣ ቆመ። ዝም። ዊልማ ለብቻዋ አጨበጨበች።

ደስታዋ አንድ ቀን ነው የቆየው። ቅዳሜ ጆሮዋ ሌላ ነገር ያዘ፦ ጽስስ የሚል። ወርዳ ስታይ ከቫልቩ በታች ቱቦው ላይ ምስማር የምታህል ቀዳዳ አለች፤ ሞተሩ በተነሳ ቁጥር ቀጭን ውሃ ትረጫለች። ዘንድሮ ያልተበሳ ነገር የለም ብላ ተንገበገበች። ብሬንት ይቺን ካየ አለቀላት። እሁድ በማለዳ ፓምፑን ከሶኬት ነቀለች፣ ቀዳዳዋን በማስቲሽ ደፈነች፣ በላዩ ላይ ፕላስተር ጠመጠመች፣ ፓምፑን መልሳ ሰካችና ቤተ ክርስቲያን ሄደች።

ስብከቱ ስለ ምን እንደነበር ብትጠየቅ አታውቅም። ዝናቡ ጣራውን ይደበድባል፣ እሷ መቀመጫው ላይ ትቁነጠነጣለች። የመጨረሻው መዝሙር ሳያልቅ ወጣች። በዚያ ከተማ እንዲህ ማድረግ ለሳምንት ያስወራል።

ቤቷ ስትደርስ ሞተሩ እም እያለ ነው። አያቋርጥም። ደረጃው አጋማሽ ላይ ቆማ አየች፤ ውሃው ከጉድጓዱ ወጥቶ ወለሉን አልብሶታል። ፓምፑ እየለፋ አንዲት ጠብታ አያወጣም። ብሬንት አንድ ሰዓት ባልሞላ ጊዜ ውስጥ ይደርሳል። እሁድ ስለሆነ ሱቅ ሁሉ ዝግ ነው። ዳረል ቤት ደወለች፤ ምሳ ላይ ነበር። የጓደኛዋ ፓምፕ እየሠራ ውሃ አልስብ እንዳለ ነገረችው።

ዳረል የጎረሰውን ዋጠ። «ወይዘሮ ዊልማ፣ ይቺ ጓደኛዎ ቱቦው ላይ ያለችውን ትንሽ ቀዳዳ አልደፈነችም አይደል?»

«ደፍናታለች» አለች ዊልማ።

«ቀዳዳዋ እኮ የተበሳችው ሆን ተብሎ ነው፤ አየሩ የሚወጣው በእሷ ነው። ስትደፈን አየሩ ይታፈንና ፓምፑ ባዶውን ይዞራል። አሁን ለጓደኛዎ ይንገሯት፦ ውሃው ውስጥ ሳትገባ ከላይ ከቆጣሪው ሳጥን መብራቱን ታጥፋ። ከዚያ ቀዳዳዋን ትክፈት።»

መብራቱን አጠፋች፣ የሃርምን ቦቲ ጫማ አድርጋ ወረደች። በባትሪ ብርሃን ፕላስተሩን ላጠች፣ ምስማር በፒንሳ ይዛ ማስቲሹን ወጋች። ሁለቴ ሳተች። በሦስተኛው ምስማሩ ገባ፣ አየሩም ፍስስ ብሎ ወጣ። ተመልሳ መብራቱን ስታበራ ፓምፑ ውሃውን አንስቶ ሽቅብ ወሰደው።

ብሬንት ሲገባ ወለሉ ላይ የቀረውን ውሃ በመጥረጊያ ወደ ጉድጓዱ እየገፋችው ነበር። ወረቀቱን በብብቱ ይዟል። ወለል አጠብኩ ልትለው ትችል ነበር፤ አፏ ላይ ደርሶም ነበር። ግን ደክሟታል፣ መዋሸቱም አስጠልቷታል። ቀዳዳዋን ራሷ እንደደፈነች፣ ውሃውንም ራሷ እንዳመጣችው አንድ በአንድ ነገረችው። ከዚያ ፍርዷን ጠበቀች።

ብሬንት ደረጃው ላይ ቁጭ አለ። ፊቱን ሁለት ጊዜ አሻሸ።

«እማዬ፣ አባዬም ደፍኗት ነበር።»

«የትኛዋን?»

«ይቺኑ። አንቺ አክስቴ ጋ የከረምሽ ጊዜ። ያ ምድር ቤት የነበረው ሰማያዊ ምንጣፍ፣ ብል በላው ያልንሽ፣ ውሃ ነው የበላው። ሁለታችን ነን ጎትተን የጣልነው። ለእናትህ ብትነግር ወዮልህ አለኝ።»

ዊልማ መጥረጊያውን ተደገፈች። መጀመሪያ ተናደደች፤ ያንን ምንጣፍ ትወደው ነበር። ከዚያ ደረቷ ላይ የከረመ አንድ ነገር ለቀቅ ሲላት ተሰማት። ሁለት ዓመት ሙሉ አንድም ነገር ተሳስቶ ከማያውቅ ሰው ጋር ስትወዳደር ኖራለች፤ ለካ እንደዚያ ያለ ሰው እዚህ ቤት ኖሮ አያውቅም።

«ያኔ ስንት ዓመቱ ነበር?»

«አርባ ስምንት መሰለኝ።»

«ታዲያ የአዛውንቶች መኖሪያ ክፍል ያስያዘለት ሰው ነበር?»

ብሬንት ሳቁ መጣበት፣ ሊውጠው ሞከረ፣ አልተዋጠለትም። ዊልማ ግን አልሳቀችም፤ ዓይኑን ትክ ብላ እያየች መልሷን ጠበቀች። ሳቁን ሲጨርስ ነገ ጠዋት ለመኖሪያው ሰዎች እንደሚደውልላቸው ነገራት።

«አሁን ደውል» አለችው። «የሚያነሳ ከሌለ መልእክት ተውላቸው።»

ደወለ፤ የሚያነሳም አልነበረም። ዊልማ ጀርባዋን ሰጥታው ውሃውን መግፋቷን ቀጠለች። ጆሮዋ ግን እሱ ጋ ነበር።

«ክፍሉን ለሌላ ሰው ስጡት» አለ ብሬንት ለስልኩ። «እናቴ አትመጣም። ሥራ ይዛለች።»