ደረጃ ያለው ስንጥቅ

«ስንጥቅ ደረጃ ይኑረው፣ እሺ! የእጅ መደገፊያ ግን የለውም!» አለ ኢንጂነር ማስረሻ።

«መሣሪያው የለካውን ነው የሳልኩት» አለች ረዳቱ ፍሬሰንበት። «መደገፊያው በግራ በኩል ነው።»

ከጠዋት ጀምሮ የሚጨቃጨቁት በዚሁ ነው። ከጨፌ ቡኖ መንደር በስተምሥራቅ፣ ከደረቀው ማሳ ሥር፣ የተቀበረ የመሬት ስንጥቅ አለ። ከላይ ሲያዩት ሜዳ ነው። የስበት መለኪያው ግን አይታለልም፤ ከሥሩ ጠጣር አለት ሲኖር ቁጥሩ ከፍ፣ ልል አፈር ሲኖር ዝቅ ይላል። ፍሬሰንበት ቁጥሮቹን ላፕቶፗ ላይ ስታያይዛቸው ለሰው እግር የሚመች፣ ወደ ታች የሚወርድ ደረጃ ወጣ። ውኃ ካለ ያለው ከደረጃው ግርጌ ነው። የቁፋሮው መኪና ደግሞ አንድ ጉድጓድ ብቻ ቆፍሮ ይሄዳል።

ደረጃው ብቻ ቢሆን ማስረሻ ዝም ባለ ነበር። አንዱ እርከን ላይ ግን የአንድ ሰው ያህል ክብደት ተገኘ። ደግመው ሲለኩ ክብደቱ አንድ እርከን ከፍ ብሏል።

«መሣሪያው ተዛንፎ ነው» አለ ማስረሻ። «መነሻው ነጥብ ላይ ተመልሰሽ አላረጋገጥሽም። ፀሐይ ፈርተሽ!»

ፍሬሰንበት መሣሪያውን ተሸክማ ግራሩ ሥር ወዳለው መነሻ ነጥብ ሄደች። በየመሃሉ እዚያ ተመልሶ መለካት የሙያው ደንብ ነው፤ ቁጥሩ ካልተለወጠ መሣሪያው ጤነኛ ነው። አልተለወጠም። ወደ ማሳው ስትመለስ ክብደቱ ይበልጥ ወጥቶ ጠበቃት።

«እየወጣ ነው» አለች።

«በቃ፣ መስመሩን አለስልሺው። ደረጃው ይጠፋል፤ እኛም እንቆፍራለን።»

«ደረጃው ላይ ያለውስ ሰው የት ይቆማል?»

ማስረሻ ትንሽ አሰበ። «እሱን አላሰብኩበትም» አለ።

የመኪናው ሾፌር ነስሩ ጥሩምባውን ነፋ። «ኧረ እናንተ ሰዎች! ሌላ መንደር እየጠበቀኝ ነው። እስከ ቀትር ቦታውን ካላሳያችሁኝ እሄዳለሁ!»

የማሳው ባለቤት፣ አሮጊቷ አዴ ቡልቱ፣ ባዶ ጀሪካናቸው ላይ ተቀምጠው ሁሉንም ይሰሙ ነበር። ላሞቻቸውን ውኃ ጥም ጨርሷቸዋል።

«ልጄ፣ ወደ ላይ ነው ወደ ታች የሚሄደው?»

«ወደ ላይ ነው፣ አዴ።»

«እንግዲያው ይውጣ። ሰው ደረጃ ላይ እያለ ግርጌው አይቆፈርም። ዓመት የጠበቅን ሰዎች አንድ ረፋድ ያቅተናል?»

«መኪናው ቢሄድብዎትስ?» አለ ማስረሻ።

«ይሄዳላ» አሉ አዴ ቡልቱ። ዓይናቸውን ግን ከመኪናው ላይ አላነሡም።

ቀትር ሆነ። ነስሩ ሞተሩን አስነሣ። መኪናው መንቀሳቀስ ሲጀምር ክብደቱ ከላይኛው የመጨረሻ እርከን ላይ ጠፋ። ከፍሬሰንበት ጫማ አጠገብ፣ ደረቁ አቧራ ላይ፣ አንድ ርጥብ የባዶ እግር ዱካ ታተመ። ቀጥሎ ሌላ። ሰው አልነበረም።

ነስሩ ሞተሩን አጠፋ።

«ይቅርታ ያድርጉልኝና» አለ ማስረሻ ባርኔጣውን አውልቆ፣ «ውኃው ስንት ሜትር ላይ ነው?»

ዱካዎቹ ቆሙ። ጣቶቻቸው ወደ እሱ ዞሩ፤ ጥቂትም እንዲያ ቆዩ። ከዚያ ወደ መንደሩ አቀኑ። ፀሐይዋ አናት ትበሳለች። ወደ ኋላ የቀሩት ዱካዎች ግን አልደረቁም፤ አንድ በአንድ ከሥራቸው ውኃ እየሞሉ ሄዱ።